ለአባባ፣ ስለ ተቃጠለው ቤት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ሆዴ አልረጋ ብሎ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ብሩን ማክሰኞ ልኬአለሁ፤ በታናሼ ስም ስለሆነ መታወቂያውን ይዞ ባንክ ይሂድ። ለቆርቆሮና ለምስማር ይበቃል። ለበሩና ለመስኮቱ የሚሆነውን በሚመጣው ወር እጨምራለሁ።

ግን አባባ፣ ቤታችን መቃጠሉን ከሌላ ሰው ልስማ? ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ያገራችን ልጅ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ሲለኝ ማን ሞተብኝ ብዬ እግሬ ከዳኝ። ታናሼን ስጠይቀው “ሦስት ወር ድምፅህ ጠፍቶ ለማን እንንገር” ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ነው። ግን ረስቻችሁ አይደለም። ሥራ ላይ እጄን ትንሽ ታምሜ ነበር፤ አሁን ድኗል፣ ይኸው ይህንንም በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ለእማዬ አይንገሯት።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ የቤታችንን ነገር ሰምቶ “እዚህ አጠገብ እንዲሁ ተቃጥሎ የነበረ የቄስ ቤት አለ፣ ሂድና እየው” አለኝ። በዕረፍቴ ቀን ከዶንካስተር አውቶቡስ ይዤ ኤፕዎርዝ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄድኩ። እዚህ እንግሊዝ አገር በብዙ መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ ሬክተሪ የሚሉት ትልቅ ቤት አለ። የደብሩ ቄስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖርበት ነበር፤ የእነሱም ቄስ እንደ እርስዎ ያገባል። መሬት ነበረው፣ አሥራትም ይቀበል ነበር፤ አያቴ ያጫውተን የነበረውን፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይሰጥ የነበረውን የሰሞን መሬት አስታወሰኝ። ዛሬ ቤተ ክህነታቸው ብዙዎቹን ሸጧቸው ባለጠጎች ይኖሩባቸዋል። የኤፕዎርዙ ግን ሙዚየም ሆኗል።

የድሮው ቤት እኮ እንደኛው ነበር አባባ! እንጨትና ምርግ፣ ክዳኑ ሣር። በፈረንጅ 1709 በየካቲት ወር፣ በሌሊት ተያያዘ። ቄሱ ሳሙኤል ዌስሊ ይባላሉ። ከምእመናኑ ጋር ተጣልተው ስለነበር ሰው ነው የለኮሰው የሚሉ አሉ። ልጆቹን ሲያወጡ አንዱ፣ ጆን የሚባለው የአምስት ዓመት ልጅ፣ ላይ ቤት ተኝቶ ቀረ። ደረጃው ስለተቃጠለ አባትየው መውጣት አልቻሉም። ልጁ ሣጥን ላይ ወጥቶ በመስኮት ታየ። መሰላል እስኪመጣ ጊዜ ስላልነበረ አንዱ ጎረቤት በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ ጎትቶ አወጣው፣ ወዲያው ጣራው ተደረመሰ። ቄሱ ጎረቤቶቻቸውን ተንበርከኩ፣ እናመስግን፣ ስምንቱንም ልጆቼን ሰጥቶኛል፣ ቤቱ ይሂድ አሉ። ያ ልጅ አድጎ ታላቅ ሰባኪ ሆነ፤ ሜቶዲስት የሚባሉት ክርስቲያኖች የተነሡት ከእሱ ነው። እርስዎ ከዘካርያስ ያነቡልን የነበረውን፣ “ይህ ከእሳት የተነጠቀ ትንታግ አይደለምን?” የሚለውን፣ ስለ ራሱ ይለው ነበር። እዚያ መስኮት ሥር ቆሜ የእርስዎን ድምፅ ሰማሁ። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን አዞርኩ።

አዲሱ ቤት በቀይ ሸክላ ጡብ ነው የተሠራው። በሩ መሐል ላይ ነው፣ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል ተሰልፈዋል፣ ከጣራው ሥር ደግሞ ሌላ ክፍል አለ። ከ300 ዓመት በላይ ቆሟል። እጄን ጡቡ ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ የኛ ግድግዳ ግን ጀርባ ሲደገፉት ይሞቅ ነበር።

ለታናሼ ይህን አስረዱልኝ። ቄሱ ቤቱን በዓመት ውስጥ ነው ያስነሡት፣ 400 ፓውንድ ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ከድሮም ዕዳ ነበረባቸው፣ እስኪሞቱ አልወጡበትም። ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ያ የሚያምር ቤት ውስጡ ግማሽ ባዶ ነበር ይባላል። ሲሞቱ ደግሞ ቤቱ የደብሩ ስለሆነ ሚስትየዋ ለቀው ወጡ። ስለዚህ ለእህቴ ሠርግ ይድረስ ብላችሁ ከአራጣ አበዳሪ አንድ ብር እንዳትነኩ። ብሎኬት ይሁን የሚለውን እስማማለሁ። ግን ማድ ቤቱ ከቤቱ ይራቅ፣ በጓሮ በኩልም ሁለተኛ በር ይውጣ፣ የመኝታው መስኮት ሰው የሚያስወጣ ይሁን። ይህን ቃል ይግቡልኝ።

የእህቴን ሠርግ አታዘግዩባት። ዳሱ አመዱ ተጠርጎ እዚያው ይጣል፤ ጠጅ ሣር ሲጎዘጎዝ ማን ያየዋል? ጥሎሹ መጣ? ማን ሊሸኛት ነው? እኔ ነበርኩ የምይዛት። ወረቀቴ ገና ነው፣ ብዙም አይቆይም ብለውኛል፣ ለሠርጉ ግን አልደርስም። ለእሷ እኔው ልንገራት፣ አትንገሯት። ፀጉሯን እማዬ ስትሠራት፣ ያቺ ጓሮ፣ የቡናው ጭስ... እዚህ ጭስ ሲሸተኝ ወጥቼ እቆማለሁ።

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም። ያን ሌሊት እርስዎን ማን ነው ያወጣዎ? ሳልዎስ እንዴት ነው፣ ጭሱ አልባሰበትም? የአያቴ የብራናው ዳዊትስ ወጣ? ተቃጥሎም ከሆነ ተቃጠለ በሉኝ።

ልጅዎ