ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያችን እሁድ እንገናኝ

ሰላም ጓዶች፣ ስለጎደለው ክፍያችን የጋራ አቤቱታ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ልናስገባ ነው። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ የተለመደው ሻይ ቤት። የቅጥር ውላችሁንና ደመወዝ ሲገባ ባንክ የላከላችሁን ቴክስት ያዙ፤ ያጠፋችሁት ካላችሁ ስቴትመንት አውጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ዝቅተኛውን ደመወዝ ለደመወዝ ቦርድ ነው የተወው፣ የኦቨርታይሙ ግን ቁርጥ ነው፦ ቀን የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት በ2፣ በበዓል በ2.5 ተባዝቶ። እኛ ጥምቀትን ሠርተን የተከፈለን እንደ አዘቦት ቀን ነው! ደግሞ ጥያቄው በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል፣ "ቆይ በኋላ" አያዋጣም። የምትፈርሙ እስከ ሐሙስ ማታ "አለሁ" ብላችሁ ጻፉ፤ እዚህ መጻፍ የከበደው በውስጥ ያናግረኝ።