ሥልጣኑ ወርዷል፣ ገንዘቡስ?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ማዕከላዊ መንግሥትና ስለ ክልሎች ሥልጣን ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። አንዱ ወገን «ማዕከሉ ይጠንክር» ይላል። ሌላው «ክልሎች በራሳቸው ይወስኑ» ይላል። ለነዋሪው ከሁሉም የሚቀርበው ማዘጋጃ ቤት ግን ስሙም አይነሳም።

አንድ የውኃ ቧንቧ ፈነዳ እንበል። የማዘጋጃ ቤቱ ቴክኒሺያን መጥቶ ያየዋል። ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። ግን መለዋወጫ ለመግዛት የሚፈርምለት የለም። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው የክልሉ ቢሮ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ «ለሚመለከተው ክፍል» ተብሎ ይመራል። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ከማዕከል በጀት እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ውኃው እስከዚያው ይፈሳል። ነዋሪው የሚጮኸው ያ ቴክኒሺያን ላይ ነው፤ ፊት ለፊት የሚያገኘው እሱን ብቻ ነዋ። ወቃሹ ታች፣ ወሳኙ ላይ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ችግሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው 10ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ለፌዴራል መንግሥቱ ያልተሰጠና ለግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን የግዛቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። ስለ ከተሞች ግን አንድም ቃል የለውም። በ1868 ጆን ዲሎን የተባሉ የአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ዳኛ ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት፦ ከተማ ያላት ሥልጣን የግዛቱ ምክር ቤት የሰጣት ብቻ ነው፣ የሰጠው አካል ደግሞ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ማዕከሉ ሥልጣኔን ነጠቀኝ ብሎ የሚጮኽ ክልል፣ ከተማዋ ስትጠይቀው እሱ ራሱ ማዕከል ይሆንባታል። ይህን የሚናገር ፖለቲከኛ ብዙም አላጋጠመኝም።

ማዕከሉ አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በ1957 የአሜሪካዋ አርካንሳስ ግዛት ገዢ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ከሚገኘው ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ብሔራዊ ዘብ አሰልፈው ነበር። ልጆቹ ክፍል ገብተው መማር የቻሉት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ልከው ነው። የሰው ልጅ መብት በየክልሉ ድንበር መቀያየር የለበትም። እዚህ ላይ የማዕከሉ እጅ ጠንካራ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የቧንቧ፣ የመንገድ መብራትና የቆሻሻ ጉዳይ ግን ለታች ይተው፤ ከነገንዘቡ። ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ካውንቲ የሚባሉ 47 የአካባቢ አስተዳደሮች ስታቋቁም፣ ከብሔራዊው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለነሱ እንዲደርስ አብራ ጻፈች። ያም ሆኖ ገንዘቡ ዘገየብን የሚል አቤቱታ አልጠፋም። ቢሆንም ካውንቲዎቹ ቢያንስ የሚከራከሩበት አንቀጽ አላቸው። ጀርመን ደግሞ በ2006 ባደረገችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤቶች ላይ አዲስ ሥራ እንዳይጭን ከለከለች። ላይ ያለው አዝዞ ታች ያለው የሚከፍልበት አሠራር ሰልችቷቸው ነው።

«ታች ያለው ይሰርቃል» የሚሉኝ አሉ። ይሰርቅ ይሆናል። ላይ ያለውም ይሰርቃል፣ ያውም በብዙ። ልዩነቱ፣ ታች ያለውን ጎረቤቱ ያየዋል። የጥገና በጀቱ ስንት እንደሆነና ምን እንደተገዛበት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ቧንቧው ተጠግኖ እንደሆነ አላፊ አግዳሚው ይመሰክራል።

እናንተም የሥልጣን ክፍፍል ክርክር ስታዘጋጁ፣ ከማዕከሉና ከክልሉ ሰዎች ጎን አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ አስቀምጡልን። ስንት ደብዳቤ ጽፎ ስንቱ እንደተመለሰለት ጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ