የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳትን ለማሳወቅ ጥርጣሬ ይበቃል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። በየዕለቱ በምናዛቸው መድኃኒቶች ሳቢያ በሕሙማን ላይ የሚደርሰው ጉዳት በካርዳቸው ላይ ተጽፎ እንደሚቀርና ለሚመለከተው አካል እንደማይደርስ በሥራዬ አይቻለሁ። በዚህ ጉድለት ውስጥ እኔም ድርሻ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ወጣት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙዎች ባክትሪም የሚሉት መድኃኒት፣ ታዞላት ከወሰደች ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዟት፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ አፏ ውስጡ ቆስሎና ቆዳዋ ውኃ እየቋጠረ መጣች። መድኃኒቱን ወዲያው አስቁሜ በዚያው ቀን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ላክኋት፤ ሕይወቷም ተረፈ። ሆኖም በመሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን የመድኃኒት ጉዳት የሚታወቅበትን ቢጫ የሪፖርት ቅጽ አልሞላሁም። የተቀበላት ሆስፒታል ይሞላዋል ብዬ ነበር፤ በኋላ ስጠይቅ ግን እነርሱም የላካት ሐኪም ሞልቶታል ብለው ትተውት ኖሯል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወጣቷ ከሆስፒታል ስትወጣ የጎዳት መድኃኒት ስም ተጽፎ አልተሰጣትም። ይኸው መድኃኒት በሌላ ጤና ጣቢያ ቢታዘዝላት ወይም ራሷ ከመድኃኒት ቤት ብትገዛው ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱን ማከም ማለት መድኃኒቱን ማስቆም ብቻ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው የመድኃኒቱን ስም በኪሱ ይዞ እንዲሄድ ማድረግም ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ የመድኃኒት ጉዳት ሌላ በሽታ መስሎ ይታለፋል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ አንዲት እናት ደረቅ ሳል ይዟቸው ሲመላለሱ በመጀመሪያ አሞክሲሲሊን ተሰጣቸው፣ ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለቆየም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታዘዘላቸው፤ ውጤቱም ነጻ ሆነ። ሳሉ መቼ እንደጀመራቸው ስጠይቃቸው «የግፊቱን ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። መድኃኒቱን አምሎዲፒን በተባለ ሌላ የደም ግፊት መድኃኒት ስንቀይረው ሳሉ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። አምሎዲፒንም በበኩሉ እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ ለእብጠቱ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሰማይድ ጨምሮ ያዝዛል። ሕመምተኛው በዚህ መንገድ ለመድኃኒት ጉዳት ሌላ መድኃኒት እየገዛ ይኖራል። አዲስ ምልክት ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባልደረቦቼ ሪፖርት የማያደርጉት ከግዴለሽነት አይመስለኝም። «መድኃኒቱ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለው ስጋት ይይዛቸዋል፤ ስህተት ሠርተሃል እንዳይባሉም ይፈራሉ። ሪፖርቱ ግን የሚጠይቀው ጥርጣሬን እንጂ ማረጋገጫን አይደለም። ሕመምተኛውን የሚለይ መረጃ፣ የተጠረጠረው መድኃኒት፣ የታየው ጉዳትና የሪፖርት አቅራቢው ማንነት ካሉ መነሻው ተሟልቷል። ምክንያቱን መመዘን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል መርሐ ግብር አባል ስለሆነች፣ ከአንድ ወረዳ የተነሳ ሪፖርት ከሌሎች አገሮች ሪፖርቶች ጋር በስዊድን ኡፕሳላ በሚገኘው ማዕከል ሊመዘን ይችላል። በአንድ ሐኪም ዓይን አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ጉዳት መልኩ የሚገለጠው እንዲህ ሲሰባሰብ ነው።

ሁለት ነገሮች ቢስተካከሉ ሥራው ይቀላል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው የመድኃኒቱ መለያ ቁጥር ነው፤ ኪኒን ከትልቅ ቆርቆሮ ተቆጥሮ በወረቀት ፖስታ ሲሰጥ የአምራቹ ስምና የምርት መለያ ቁጥሩ ከሕመምተኛው እጅ ይጠፋል፣ ጉዳቱ ከመድኃኒቱ ባሕርይ ይሁን ከጥራት ጉድለት ለመለየትም ያስቸግራል። ፋርማሲስቶች እነዚህን በፖስታው ላይ እንዲጽፉ ቢደረግ ትልቅ እገዛ ነው። ሁለተኛው መልስ ነው። ሪፖርት የላከ ባለሙያ ሪፖርቱ መድረሱንና ምን እንደተደረገበት የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ቢደርሰው ቀጣዩን ቅጽ ለመሙላት አያመነታም።

ሕሙማንም ራሳቸው መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ያልጠበቁት ነገር ሲገጥማቸው መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄዱ፣ የመድኃኒቱንም ማሸጊያ ይዘው እንዲቀርቡ፣ ጉዳዩንም በባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ እንደሚችሉ ጋዜጣችሁ ቢያስታውስልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠቅላላ ሐኪም