ከለቅሶ በፊት ፎርም

ይድረስ፦ ለዩኒቨርሲቲው የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተዘጋጀ ምክር ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጻፍኩም። እርስዎ ያውቁታል። እኔንም ያውቁኛል። ባለፈው ግንቦት ስለ አንድ የተባረረ ተማሪዬ ቢሮዎ በር ላይ ሦስት ቀን የተቀመጥኩት ባለ ግራጫ ኮቱ መምህር ነኝ። በሦስተኛው ቀን አራት ደቂቃ ሰጥተውኛል። በሰዓቴ ይዤዋለሁ፤ የአስተማሪ አመል ነው።

ከዚያ በፊት ሁለት ደብዳቤ ልኬ ነበር። ሁለቱም የትምህርት ቤታችን ማህተም አለባቸው። መልስ የለም። ስልክም ደወልኩ። ስልኩን የምታነሳው ልጅ ጨዋ ናት፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል እንኳ ድምጿ ያሳዝናል። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ እየጻፍኩልዎ ነው። ቅር እንዳይልዎ።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የ12ኛ ክፍል ስም ጠሪም ነኝ። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸውን ልጆች ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰብስቤ እመክራለሁ። ቤተ ሙከራ ያልኩት ስሙን ነው፤ ዕቃ የለውም። ብዙ ልጅ አይሰበሰብም። አንዳንድ ዓመት ማንም የለም። በ2016 ዓ.ም. አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

ዓመቱን ያስታውሱታል። በመላ አገሪቱ ፈተናውን ከወሰዱት 5.4 በመቶው ብቻ ነበር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው። 36,409 ተማሪ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም አላሳለፉም። እኛ አንድ አሳለፍን። ለአንድ ልጅ ርእሰ መምህሩ በግ አረዱ። እናቱ ጠላ ይሸጣሉ፤ ያን ቀን ግን ለሠፈሩ በነፃ ነበር።

እርስዎ የልጁን ነገር «አንድ ኬዝ» ብለውኛል። ልክ ነዎት፤ ያለን አንድ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ በቴሌግራም ወጣ። አብረን አነበብነው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ ዋናውና ኮፒው። ጉርድ ፎቶ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። መጨረሻ ላይ ያው የተለመደችው፦ በተጠቀሱት ቀናት ሪፖርት ያላደረገን አናስተናግድም። ሁሉንም አሟላን። ብርድ ልብሱን እድሩ ገዛለት። እኔም መከርኩት። ብርህን ሁለት ቦታ ክፈለው። ለሎከርህ ጥሩ ቁልፍ ግዛ። በሶህን ለዶርም ልጆች አካፍል፤ የመጀመሪያ ወዳጅ የሚገኘው በበሶ ነው። ከሰቃይ፣ ከጎበዝ ልጆች ጋር ተቀመጥ። ቲቸር ያልከኝን አልረሳም ብሎ ሄደ። አልረሳምም ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ። ስለ ፎርም አልነገርኩትም።

ጥር ላይ አባቱ አረፉ። መርዶው የደረሰው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ለፕሮክተሩ፣ ለዶርሙ ኃላፊ፣ ነገረው። ፕሮክተሩ ደግ ሰው ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ሂድ» አለው። ልጁ ፈቃድ የወሰደ መሰለው። እሑድ ንጋት መናኸሪያ ነበር፤ ሰኞ ማታ ለሠልስቱ ደረሰ። እንግዲህ ይታይዎ፤ የበኩር ልጅ ነው። ከሱ በታች አራት አሉ። የአባቱ ጤፍ አውድማ ላይ ተከምሮ ቀርቷል። ማን ይውቃው? ወቅቶ፣ አበራይቶ፣ ጎተራ አስገብቶ ተመለሰ። በጠቅላላው 19 ቀን።

ሲመለስ የምግብ ካርዱ አይሠራም። ካፌ በር ላይ ስሙ የለም ተባለ። ሬጅስትራር ሲሄድ «ያለ ፎርም ያቋረጠ» የሚል ተጽፎበታል። ያቋረጠ ተማሪ ፈተና አይቀመጥም ተባለ። ሰባቱም ኮርስ ላይ ኤንጂ፣ ማለትም «ውጤት የለም»፣ ገባ። ጊዜው ሲያልፍ ኤንጂው ኤፍ ሆነ። አማካይ ውጤቱ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ። ዜሮው ሲበዛ እኔም ገረመኝ። ምንም አለማወቅ እንኳ ሦስት ዜሮ አይሆንም። መሀል ፈተና ላይ ማትስ ከ30 ያመጣው 26 ነበር። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ።

እርስዎ ቢሮ ያልኩትን ልድገመው። ፎርሙን ሞልቶ ቢሄድ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ይመለስ ነበር። ሕጉ ይህንን ይፈቅዳል፤ ከኔ የበለጠ እርስዎ ያውቁታል። ግን ቅዳሜ ሌሊት የትኛው መስኮት ተከፍቶ ነው ፎርም የሚሞላው? እሑድስ? ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮዎ እስኪከፈት ጠብቆ፣ ለአባቱ ሠልስት ረቡዕ ይድረስ ነው? ከተመለሰ በኋላስ የቀበሌ ማስረጃ ይዞ መጥቶ የለም? ማህተም አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ወረቀት አለ። የመለሱት መልስ «የቅሬታ ጊዜ አልፏል» ነው። የቅሬታው ጊዜ ያለፈው እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ እኮ ነው።

በአራተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ያሉኝ ይህ ነው፦ «መመሪያው አለ። አንብቡ። ማን ከለከላችሁ?»

እሺ ብዬ አነበብኩ።

መጀመሪያ ማግኘት ነበረብኝ። ልጁ ሲገባ የተማሪ መመሪያ መጽሐፍ አልተሰጠውም፤ «አልታተመም» ተብሏል። ኦረንቴሽን ነበር። ልጁ ማስታወሻ ይዟል፤ አየሁት። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የግቢው ታሪክ፣ የሚተከሉ ችግኞች፣ ስለ ሰላም የተሰጠ ማሳሰቢያ። ስለ ፈቃድ አንድ መስመር የለም። ስለ ዊዝድሮዋል፣ ፎርም ሞልቶ ትምህርት ስለማቋረጥ፣ የለም። ኮርስ ስለመጨመርና ስለመተው፣ አድ እና ድሮፕ የሚባል ቃል የለም። መመሪያውን ራሱን በስንት መከራ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ስልክ ላይ አገኘሁት። ከመቶ ገጽ በላይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በጠበቃ እንግሊዝኛ። ዲክሽነሪ ይዤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። 18 ዓመት አስተምሬያለሁ። የ18 ዓመት ልጅ ከጠላ ቤት ወጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ያንብበው ከሆነ፣ እንግዲያው የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

ዘንድሮ ሦስት ልጆች አልፈውልናል። አገሪቱም በ2017ቱ ፈተና ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብላለች፤ ደግ ነው። ሦስቱን ቤተ ሙከራው ውስጥ አስቀምጬ ምክሬን አሻሽዬ ነገርኳቸው። ቅጂው ለእርስዎም ይድረስዎ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እናንተ ልጆች፣ አልኳቸው። ግቢ ስትገቡ ካፌው የት እንደሆነ ሰው ያሳያችኋል፤ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። እናንተ መጀመሪያ ፈልጉ የምላችሁ የሬጅስትራርን መስኮት ነው። የትኛው መስኮት ምን ፎርም ይሰጣል፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ማን ይፈርማል፤ ጻፉት። ሰው ቢሞትባችሁ መጀመሪያ ፎርም፣ ከዚያ ለቅሶ። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። አንዷ ልጅ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እኔ አልሳቅኩም።

የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ፕሮክተር ቢላችሁም፣ መምህር ቢላችሁም፣ ዲን ቢላችሁም፣ በወረቀት በሉ። የሰጣችሁትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ አስቀሩ። በስልክም ፎቶ አንሱት። ኦሪጅናል ሰርተፍኬት ስታስረክቡ ተቀባዩ ይፈርምላችሁ። ቢቆጣችሁም ይፈርም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር መለማመጃ ነው የሚላችሁን ሲኒየር አትስሙ። ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ በፍሬሽማን ውጤት ነው። ሎጂክና ሳይኮሎጂ «ቀላል ናቸው፣ ማታ ችከላ ነው» ብሎ የናቃቸው ልጅ የሚፈልገውን ትምህርት ሌላ ሰው ሲማረው ያያል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ያልገባችሁን በአማርኛም ቢሆን ጠይቁ፤ የሚስቅባችሁ ልጅም አልገባውም። ደግሞም መጨረሻ ላይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ካልመጣ ዲግሪ የለም። አራት ዓመት ሩቅ ይመስላል። አይደለም።

የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ አንብቡት። ይህን ነጥብ ላይ ቆም ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ እርስዎም ጋ ቆም ልበል። ሰው ሁሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው ይላል። አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ አዘዘ። ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እንዲቆረጥበት አለ። የኔም ተማሪ ፈርሟል። ይህን ውል ሲያስፈርሙት ግን አስተርጓሚም አላስፈለገም፣ አልታተመም የሚልም አልመጣም። ወረቀቱ ተባዝቶ፣ ስሙ ተሞልቶ፣ እስኪርቢቶው ሳይቀር በገመድ ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለ እዳው የሚገልጸው ወረቀት ሲገባ ደረሰው። ስለ መብቱ የሚገልጸው ሲባረር።

ሰባት ኤፍ ያገኘበት ሴሚስተር እዳ ላዩ ላይ አለ። ሽሮው ተቆጥሯል፤ አልጋውም ተቆጥሯል። አውድማ ላይ የነበረባቸው 19 ቀናትም ይቆጠሩ እንደሆነ ጠይቄዎት ነበር። እሱን ፋይናንስ ነው የሚያውቀው አሉኝ።

እንግዲህ ልጁ ለማኝ አይደለም፤ ተበዳሪ ነው። ሱቅ እንኳ በዱቤ የወሰደ ደንበኛውን ዕቃውን ሳይሰጥ ክፈል አይለውም።

አሁን መናኸሪያችን ውስጥ የአይሱዙ ረዳት ነው። ሳገኘው ጭነት ላይ ሆኖ «ቲቸር!» ብሎ ይጮህልኛል። ፊቱ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ የማፍረው። እናቱ ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ አቁመውኝ፣ «ልጄ ምን አጥፍቶ ነው? ሰርቆ ነው እንዴ? ለኔ ተደብቆኝ ነው?» አሉኝ። አይ እማማ፣ ፎርም ሳይሞላ ስለሄደ ነው አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አባቱን ሊቀብር አይደል እንዴ የመጣው?» አሉ። ቀብር ላይ እንዳልደረሰ ላስታውሳቸው አልፈለግኩም።

የሚፈለገውን ባጭሩ ልንገርዎ። ፋይሉን ይክፈቱት። ሰባቱ ኤፍ ይነሱና በዊዝድሮዋል ይተኩ፤ ልጁ እንደገና ይመዝገብ። ይህን ለማድረግ ሥልጣኑ የለኝም ካሉ፣ ያለው ማን እንደሆነ ፈርመው ይጻፉልኝ። ለወደፊቱ ደግሞ ያንን ስለ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚናገረውን ማስታወቂያ ስታወጡ፣ ከሥሩ አምስት መስመር ጨምሩበት፦ ብትታመሙ፣ ሰው ቢሞትባችሁ፣ ብትቸገሩ፣ ወደዚህ መስኮት ሂዱ፣ ይህን ፎርም ጠይቁ፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ። ቅዳሜና እሑድ የሚያነሳ ሰው ይኑረው። ማሳተሚያ አያስፈልገውም። ቴሌግራም በነፃ ነው።

የልጁ ታናሽ እህት ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ያንን ምክር ስሰጥ በመስኮት በኩል ቆማ ትሰማ ነበር፤ እንድትገባ ፈቀድኩላት። ፈተናውን ገና አልተቀመጠችም። በማግስቱ ደብተር ሳርም ከደብተሯ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጽፋ አየሁት። «ዊዝድሮዋል ፎርም» ይላል። ከሥሩ በቅንፍ፦ «ቅዳሜ አይሠራም»።

ከሰላምታ ጋር
የ12ኛ ክፍል ስም ጠሪ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት
ለልጁ እናት (ልጃቸው ያነብላቸዋል)
በበርዎ ላይ ላሉት የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበራቸውን ስላዋሱኝ