ልጅን ከዘመድ ጋር ወደ ውጭ አገር ስለመላክ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ትምህርት ቤቱ የጉዞ ፈቃድ ደብዳቤ የማይሰጥ ስለመሆኑ

የማጠቃለያ ፈተናው መርሐ ግብርና የመጻሕፍት መመለሻው ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፈዋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ክረምት ሲቃረብ ልጆቻችሁ ከአክስት፣ ከአጎት፣ ከክርስትና እናት ጋር ወደ ዱባይ፣ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሮም ይሄዳሉ። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሰሞኑን ወደ ቢሮዬ የመጣችሁ ወላጆች የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ተማሪዋ ከአክስቷ ጋር እንድትጓዝ ተፈቅዷል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። አልሰጠሁም፤ አልሰጥምም። አንዳንዶቻችሁ ተቆጥታችሁ ወጥታችኋል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችንን ያመናጨቀም አለ። እርሷ የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው።

እኛ ልንመሰክር የምንችለው ልጁ ተማሪያችን መሆኑን፣ ክፍሉንና ትምህርት የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን ብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ አሳዳሪና ሞግዚት፣ ማለትም ስለ እርሱ የሚወስን ሕጋዊ ኃላፊ፣ ያደረገው አባትና እናትን በጋራ ነው፤ ርዕሰ መምህርን አይደለም። ስለዚህ ሁለታችሁም መታወቂያችሁንና የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ይዛችሁ፣ በተለምዶ ውልና ማስረጃ ወደምንለው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ልጁን ማን እንደሚወስደው፣ ወዴትና ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሄድ፣ ቢታመምም ማን እንደሚወስንለት የሚገልጽ ሰነድ ፈርማችሁ አስረጋግጡ፤ አስተርጉማችሁም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አሳልፉት። የሚሄድበት አገር ኤምባሲ ምን እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አገር ከአገር ይለያያል።

«የገዛ እህቴ ናት፤ ማን ይጠይቃታል?» ትሉኛላችሁ። እስቲ የስማችንን ነገር አስቡት። ልጅ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል፤ እናቱ ደግሞ የራሷን አባት። በፓስፖርታቸው ላይ እናትና ልጅ እንኳ በስም አይገናኙም፤ የእናቱ እህትማ ጭራሽ። እኛ ይህን እናውቃለን፤ የፍራንክፈርት የድንበር ፖሊስ ግን የሚያየው አንዲት ሴትና በስም የማይዛመዳትን ሕፃን ነው። ሕፃናት በሚሰረቁበት ዓለም ጠርጥሮ ቢጠይቅ ሊመሰገን ይገባዋል። የእናትን ስም ከልጁ ጋር የሚያገናኘው የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው፤ ከሰነዱ ጋር ይያያዝ።

«ቪዛ ተሰጥቷታል» የምትሉም አላችሁ። ቪዛ ያ አገር ልጅቷን ሊቀበል መዘጋጀቱን እንጂ አባቷ ዛሬ ከማን ጋር እንድትሄድ እንደፈቀደ አይናገርም።

«አምና ያለ ወረቀት ሄዳ ነበር።» አምና አልተጠየቀችም ማለት ነው። አምና የተጠየቀ ሌላ ተማሪያችን ሻንጣው ከተመዘነ በኋላ ከአክስቱ ጋር ከአውሮፕላን ማረፊያ ተመልሷል። በእጃቸው የነበረው ብቸኛ ወረቀት የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እናቱ በማግስቱ መጥታ «ይበቃል ብለውኝ አልነበረም ወይ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሁለተኛ ያንን ስህተት አልደግምም።

አባት ወይም እናት ውጭ አገር ካሉ፣ በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ሰጥተው ይላኩ፤ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ከወላጆች አንዱ በሕይወት ከሌለ የሞት ምስክር ወረቀት፣ በፍቺ ከተለያያችሁ ስለ ልጁ የተሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ልጅን ብቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ይህ ጥያቄ እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ። በአክብሮት ነው የምጠይቀው።

የተማሪነት ማስረጃ የምትፈልጉ እስከ ሰኔ 13 ቀን ድረስ ለመዝገብ ቤት አመልክቱ፤ በማግስቱ ትወስዳላችሁ። ስለ ፈቃድ ደብዳቤው ቅሬታ ያለው ወላጅ ወደ እኔ ይምጣ፤ ሠራተኛዋን ግን አታስጨንቁብኝ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር