ይድረስ ለ"አትቸኩል" ባዩ ጓደኛዬ

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ይቅርታዬን ተቀበለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያው ታውቀኛለህ፣ ትዝ የምትለኝ ሲጨንቀኝ ነው።

ቅዳሜ ክርክር አለብኝ። ርእሱ የኛው የድሮ ጭቅጭቅ ነው፤ ኢኮኖሚ ሲናጋ ሕግ በጥድፊያ ይውጣ ወይስ ተብላልቶ? እኔን የመደቡኝ "በጥድፊያ ይውጣ" ከሚለው ወገን ነው። ሳቅ እንግዲህ!

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን የአሜሪካን የባንኮች ማዳኛ ሕግ ይዤ እገባለሁ አልኩ። ሴፕቴምበር 29 የተወካዮች ምክር ቤቱ 228 ለ205 ጣለው። በዚያው ቀን ዳው ጆንስ የሚሉት የአክሲዮን ገበያ መለኪያ 777 ነጥብ ወረደ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?

ከዚያ የመጀመሪያውን ረቂቅ አነበብኩት። ሦስት ገጽ! የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ፖልሰን የጠየቁት ደግሞ 700 ቢሊዮን ዶላር ነው። ክፍል 8 ላይ ሚኒስትሩ የወሰኑትን ማንም ፍርድ ቤት ሊመረምረው አይችልም ይላል። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ደግሜ አነበብኩት። አጠገቤ ብትሆን ያቺን የምታናድድ ፈገግታህን አትምረኝም ነበር።

ኦክቶበር 3 የጸደቀው ግን ሌላ ሕግ ነው። ተቆጣጣሪ ተበጀለት። ገንዘቡም ተከፋፈለ፤ መጀመሪያ 250 ቢሊዮን፣ ቀጥሎ 100፣ የቀረው 350 ቢሊዮን ላይ ኮንግረሱ "አይሆንም" የማለት መብት ያዘ። ይሄ ሁሉ የሆነው ያ ረቂቅ ከቀረበ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። መከራከር ማለት ወራት መጎተት አይደለም ለካ።

ደግሞ አትኩራ። ድምፅ ለመሰብሰብ ሲባል ምን ተለጠፈበት መሰለህ? ለልጆች የሚሠራ የእንጨት ፍላጻ ከኤክሳይስ ታክስ ነፃ ይሁን የሚል አንቀጽ! በባንክ ማዳኛ ሕግ ውስጥ!

አሁንም ገንዘቡ ቶሎ ይውጣ ባይ ነኝ። ቤት ሲቃጠል ስለ ውሃው ዋጋ አይወራም። የሚያስፈራኝ ለአንድ ሰሞን ተብሎ የተሰጠው ሥልጣንና በዚያው ቋሚ ሆኖ የሚቀረው ወጪ ነው። ቀን ይቆረጥለት፣ ገንዘቡም በየዙሩ ይለቀቅ ልል ነው። ታዲያ ይሄን ብናገር የራሴን ወገን ከዳሁ ማለት ነው?

እና... እንዴት ልበልህ... ጽሑፌን ልላክልህ? እንደ ድሮው ቀይ በቀይ አድርገህ መልሰው፣ አልቀየምም። ብቻ እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለህ ብቻ ከመለስክልኝ ግን ጉድ ይፈላል!

ያንተው