የእጣን ዛፉን ለቃሚ አልጨረሰውም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እጣን ዛፍ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የመተማ ስም በደህና ነገር ሲነሳ ብዙም አላይማ። ፎቶው ስር የጻፋችሁትን ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። «ለቃሚዎች የእጣን ዛፉን እየጨረሱት ነው» ይላል። ልጡን ፍቀን እጣን የምናወጣበትን ምንጋፍ ይዞ ፎቶው ላይ የቆመው ሰው አጎቴ ነው። ልጆቹ ስልክ ላይ አይተው እያለቀሱ አሳዩት።

እኔ ራሴ አምስት ዓመት እጣን ለቅሜያለሁ። ከዚያ ሁለት ክረምት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋር በመስክ ረዳትነት ሠራሁ። ንጋት ላይ መሰላል ተሸክመን እንወጣለን። ቅጠሉን ሳንቆርጥ በማሽኑ መቆንጠጫ እንይዘዋለን፣ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚስብና ምን ያህል ውሃ እንደሚያተን ይመዘገባል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ከቅጠል ቅጠል ስንል እንውላለን። ዶክተሩ ለምን እንደሆነ ሲያስረዱን አይሰለቹም ነበር። ይህ ዛፍ ቅጠል የሚያወጣው ለክረምቱ ብቻ ነው፣ በነዚያ ጥቂት ወራት ምግቡን ሠርቶ ያጠራቅምና በጋውን ራቁቱን ቆሞ ያንን እየበላ ያልፋል። እኛ ልጡን የምንፍቀው ደግሞ ያኔ ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ቁስሉን እያደስን።

ታዲያ መፋቁ ዛፉን አይጎዳውም ወይ? ይጎዳዋል። ይሄን አልክድም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የመተማና የአበርገሌ ጥናት የተፋቀ ዛፍ የሚያጠራቅመው ስኳርና ስታርች እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአንድ ዛፍ ላይ ቁስል ሲበዛ፣ ዛፉም ዓመት ሳያርፍ ሲቀር ጉዳቱ እንደሚብስ ለቃሚ ሳይነገረው ያውቃል። ቁስል አብዙ የሚለን ግን በኪሎ የሚከፍለን ነው፣ እሱን ዘገባችሁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ግን መዳከምና መጥፋት አንድ ናቸው እንዴ? ዛፉ እየጠፋ ያለው ምትክ ስላጣ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የመተማ ጥናት ሁኔታው እንዲህ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር 90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮ ነበር። ይህንን ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁታል። እዚያው ጥናት ላይ ያለውን ሌላውን ነገር ግን ዘለላችሁት፦ የሚፋቀውም ደን፣ ምንጋፍ ያልነካውም ደን፣ ሁለቱም እየተመናመኑ ነው። ያልተፋቀውን ማን ጨረሰው በሉ? ጋዜጠኛችሁ ይህንን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ጽሑፍ ከአጎቴ ፎቶ ስር አይገኝም ነበር።

ደግሞ «ችግኝ አይበቅልም» ብላችኋል። ይበቅላል እንጂ! ክረምት ላይ ብትመጡ መሬቱ ላይ ታዩታላችሁ፣ በእጄ ቆጥሬዋለሁ። ችግሩ አያድግም። በጋ ሲገባ ከላይ ይደርቃል፣ ክረምት ሲመለስ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ እንደዚያ እያለ ዓመታት እዚያው ቁመቱ ላይ ይቀራል። ሣሩ ሲደርቅ እሳት ይለቀቅበታል። ከእሳት የተረፈውን ከብትና ፍየል ይበሉታል። ትልልቆቹን ደግሞ ጥንዚዛ እየቦረቦረ ይጥላቸዋል፣ ነፋስ ሲነሳ ወድቀው ያደሩ ስንት አይተናል። ለሰሊጥ እርሻ የሚመነጠረውም አለ። ጣት በሚያህል ችግኝ ላይ ምንጋፍ የሚያነሳ ለቃሚ ግን የለም፤ ምን ሊያገኝበት?

መተማ ክረምቷ አንድ ስለሆነ ዛፉ በየዓመቱ ግንዱ ውስጥ አንድ ቀለበት ይሠራል፣ ዕድሜውም በዚያ ይታወቃል። ተመራማሪዎች ቀለበቱን ቆጥረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ አዲስ ትውልድ እንዳልተተካ አረጋግጠዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሱዳንን አዳርሶ፣ ከታዩት ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ትንንሽ ዛፎች እንደሌሉ ጽፏል። ይህ ሁሉ ታትሞ እያለ እናንተ ምንጋፍ የያዘ አንድ ድሃ ላይ ጫናችሁት። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አሁንም ያናደደኝን ልጨምር። ስለ ለቃሚ አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፋችሁ፣ ቆጥሬዋለሁ። የአንድም ለቃሚ ቃል ግን የለበትም። ቆላ ወርደን፣ በወባ እየተንቀጠቀጥን፣ ውሃ ከሩቅ እየቀዳን ስንት ወር ጫካ ውስጥ እንደምናድር ማን ጠየቀን? ዶክተሩ እንኳ የትኛው ዛፍ መቼ እንደተፋቀ ሲፈልጉ እኛን ነበር የሚጠይቁት። ማስታወሻ ደብተራቸው በእኛ መልስ የተሞላ ነው።

እንድታርሙልኝ የምፈልገው ከፎቶው ስር ያለችውን አንዷን መስመር ነው። ጋዜጠኛችሁንም ህዳር ላይ ላኩት፣ ሣሩ ሲቃጠል እኔ ራሴ ይዤው እገባለሁ። አጎቴንም ያነጋግረው። ፎቶ ያነሳው ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቀውም።

ከገንዳ ውሃ፣ የቀድሞ እጣን ለቃሚ